ጀምሮ ማቋረጥ ለሰለቻችሁ፦ ጤናማ ልማድን የሚያዘልቅ ምክንያት እንዴት ይገኛል?

«እጀምራለሁ፤ ሁለት ሳምንት እንኳን ሳይሞላኝ እተወዋለሁ። ተነሳሽነቱን ከየት ላምጣው?»

በአዲስ አበባ ዳር ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ጠዋት ጠዋት በእግር የምንሄድ ጎረቤታሞች ነን። አዲስ ሰው በተቀላቀለን ቁጥር ይህ ጥያቄ ይነሳል። ከኮዬ ፈጬና ከአራብሳ እየደወሉ የሚጠይቁኝም አሉ። በስልክ ተነግሮ የሚያልቅ ስላልሆነ ቁጭ ብዬ በተራ ጻፍኩት።

ተነሳሽነት ቁጭ ብለው ሲጠብቁት አይመጣም። ሁለት ነገር ይፈልጋል፦ በጽሑፍ የሰፈረ የራሳችሁ ምክንያት፣ ያንን ምክንያት በየቀኑ የሚነካ ትንሽ ተግባር። ሁለቱ ካልተገናኙ ምክንያቱ ወሬ ሆኖ ይቀራል፤ ተግባሩም ይሰለቻል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እነዚህን ሁለቱን ለማገናኘት ነው።

መመሪያው ከከተማ ዳር ለምንኖር ሰዎች የተዘጋጀ ነው። ጎህ ሳይቀድ ወጥተን ሲመሽ ለምንገባ፣ ሊፍት በሌለው ሕንፃ ውሃ ተሸክመን ለምንወጣ፣ በቅርባችን ጂም ለሌለን።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ደብተርና እስክሪብቶ። ልጆች ጀምረው የተዉት ደብተር ይበቃል።
- ግድግዳ ላይ የሚሰቀል የኢትዮጵያ ካላንደር፣ እያንዳንዱ ቀን በሳጥን የተለየበት።
- ቀይ እስክሪብቶ። በክር አስራችሁ ከካላንደሩ ጎን አንጠልጥሉት፤ አለዚያ በሁለተኛው ቀን ይጠፋል።
- ሶሉ ያላለቀ ጫማ።
- ባለ 1 ሊትር ባዶ ሃይላንድ።
- የሻይ ማንኪያ፣ ለመለኪያ።
- አንድ የምታምኑት ሰው።

ስማርት ሰዓትና የስፖርት ቱታ አያስፈልግም። ሚዛን ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ባይኖር እመርጣለሁ። ክብደት በጠጣችሁት ውሃና በበላችሁት ምግብ ብቻ በአንድ ቀን ውስጥ ከፍ ዝቅ ይላል። ቁጥሩን ያየ ሰው ልፋቱ ከንቱ የቀረ ይመስለውና ያቆማል።

ከመጀመራችሁ በፊት ማስጠንቀቂያ

ደም ግፊት፣ ስኳር፣ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለባችሁና ነፍሰ ጡር የሆናችሁ መጀመሪያ ሐኪም ወይም በአቅራቢያችሁ ያለ ጤና ጣቢያ አማክሩ። በተለይ ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርድ ኪኒን የምትወስዱ ተጠንቀቁ። አመጋገባችሁንና እንቅስቃሴያችሁን በራሳችሁ ስትቀይሩ ስኳራችሁ ከሚገባው በታች ሊወርድ ይችላል። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ መፍዘዝና ድንገተኛ ረሃብ ምልክቶቹ ናቸው።

ስትራመዱ ደረታችሁ ላይ ጫና ከተሰማችሁ፣ ሕመሙ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ ከሄደ፣ ወይም ትንፋሻችሁ ባልለመዳችሁት ሁኔታ ካጠረ አቁሙ። «ትንሽ አርፌ እቀጥላለሁ» አትበሉ፤ በቀጥታ ወደ ሕክምና ሂዱ።

1. ምክንያታችሁን እስከ ሥሩ ቆፍሩ

ከሁሉም በላይ ጊዜ ልትሰጡት የሚገባው ይህንን ነው። ቤቱ ፀጥ ሲል 20 ደቂቃ ያህል ለብቻችሁ ተቀመጡ። ደብተሩ ላይ የምትፈልጉትን በአንድ መስመር ጻፉ። ከሥሩ «ለምን?» ብላችሁ መልሱን ጻፉ። መልሱንም መልሳችሁ «ለምን?» በሉት። አራት አምስት ጊዜ ቀጥሉ።

አንዲት ጎረቤቴ ጋር የሆነውን ላሳያችሁ።

«ክብደት መቀነስ እፈልጋለሁ» አለችኝ።

«ለምን?»

«ሰው ሁሉ ወፈርሽ ይለኛል።»

«ሰው ባይልሽስ?»

ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «ደረጃ ያደክመኛል» አለች።

«መቼ መቼ?»

«ውሃ ስትጠፋ ነዋ! ከታች ከሮቶው በጀሪካን እቀዳለሁ። ቤቴ አራተኛ ፎቅ ነው። ሁለተኛው ላይ ስደርስ አስቀምጬ ግድግዳ እደገፋለሁ። ልጄ ያየኝና ‹እማዬ፣ እኔ ልያዝልሽ› ይላል። ገና ዘጠኝ ዓመቱ ነው እኮ። እሱ እንዲሸከም አልፈልግም።»

«እሷን ጻፊያት» አልኳት። የጻፈችው ይህ ነበር፦ «ጀሪካኑን መሬት ሳላስነካ አራተኛ ፎቅ ማድረስ እፈልጋለሁ፤ ልጄ እንዳይሸከም።»

ልዩነቱን ተመልከቱ። «ክብደት መቀነስ» በብርድ ጠዋት ከብርድ ልብስ ውስጥ አያስወጣም። ጀሪካኑን ግን ውሃ በጠፋ ቁጥር ታገኘዋለች፤ ልጁንም በየቀኑ ታየዋለች። ምክንያቱ በራሱ ጊዜ እየመጣ ያስታውሳታል። መጻፍ ማቆም ያለባችሁም እዚህ ላይ ነው፦ ቦታ፣ ሰውና ሰዓት በዓይናችሁ ሲመጣላችሁ።

የጻፋችሁትን እንዲህ ፈትኑት፦

- ያ ምክንያት ማንም ባያያችሁ፣ ማንም ባያመሰግናችሁ ይጸናል? ካልጸና የሌላ ሰው ነው። ሰው ማመስገኑን ሲያቆም እናንተም ታቆማላችሁ።
- በዚህ ወር ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ በተግባር ትገናኙታላችሁ? «ስሸመግል ጤነኛ እንድሆን» ጥሩ ምኞት ነው፤ ነገ ጠዋት ግን አትገናኙትም።
- ጮክ ብላችሁ ስታነቡት የራሳችሁ ንግግር ይመስላል? ከሬዲዮ የተቀዳ ከመሰለ እንደገና ጻፉት።

ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን የተባሉት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ለብዙ ዓመታት ያጠኑት ይህንኑ ነው፦ ሰው ከውጭ በሚመጣ ግፊት ከሚያደርገው ይልቅ የኔ ብሎ የተቀበለውን ነገር አጥብቆ ይይዛል።

ስለ ፍርሃት አንድ ነገር ልጨምር። «አባቴን ስትሮክ ጣለው፤ እኔንም እንዳይጥለኝ» ብለው የሚመጡ ብዙ ናቸው። ፍርሃቱ እውነት ነው፤ ለማስጀመርም ይጠቅማል። ግን ፍርሃት ሲበርድ ልማዱም አብሮ ይበርዳል። ስለዚህ ወደምትፈልጉት ነገር ገልብጣችሁ ጻፉት፦ «ልጆቼን ከትምህርት ቤት በእግሬ ሄጄ ማምጣቴን መቀጠል እፈልጋለሁ።»

2. ከምክንያቱ ጋር የሚገጥም አንድ ልማድ ብቻ ምረጡ

አንድ ብቻ። እግር ጉዞ፣ ስኳር ማቆም፣ በጊዜ መተኛትና ውሃ መጠጣት ባንድ ላይ የጀመረ ሰው አንዱ ሲያመልጠው ሁሉንም ይጥላል። ልማዱ ከምክንያቱ ጋር ካልገጠመ ደግሞ ለውጡን ማየት አይቻልም። ደረጃ ለሚያደክመው ሰው ስኳር መቀነስ ጥሩ ነው፤ በቶሎ የሚታየው ግን እግር ጉዞና ደረጃው ራሱ ነው።

ለምርጫ እንዲረዳችሁ፦

ትንፋሽ ለሚያጥረው፣ መራመድ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። መካከለኛ ማለት እየሄዳችሁ ማውራት የምትችሉበት፣ መዝፈን ግን የሚያቅታችሁ ፍጥነት ነው።

በቤተሰቡ ደም ግፊት ላለበት፣ ጨው። በቀን ከ5 ግራም በታች ይመከራል፤ ይህም ወደ አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው። ምግብ ውስጥ የገባው ሁሉ ተደምሮ ማለት ነው። በርበሬው ሲዘጋጅ ብዙ ጊዜ ጨው ይገባበታል፤ ወጡ ላይ እንደገና እንጨምራለን። መነሻችሁ ወጡን ሳትቀምሱ ጨው አለመጨመር ይሁን።

ከሰዓት በኋላ ለሚዝለው፣ ስኳር። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ነው። አቦል፣ ቶናና በረካን በሁለት ሁለት ማንኪያ የጠጣ ሰው 24 ግራም ወስዷል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚጨመር ስኳር በቀን ከ50 ግራም እንዳያልፍ ይላል፤ ከ25 በታች ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። ሻዩና ለስላሳው ገና አልተቆጠረም።

ታክሲ ውስጥ ለሚያንቀላፋው፣ እንቅልፍ። አዋቂ ሰው 7 ሰዓትና ከዚያ በላይ ያስፈልገዋል። ከጠዋቱ 11 ሰዓት የምትነሱ ከሆነ ማታ 4 ሰዓት ላይ ተኝታችሁ መገኘት አለባችሁ።

3. እስኪያስቅ ድረስ አሳንሱት

መጠኑን የምትወስኑት በጥሩ ቀናችሁ አይደለም። መብራት የጠፋበት፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማችሁ ያመሻችሁበት፣ ልጅ ያተኮሰውን ቀን አስቡ። በዚያ ቀን ማድረግ የምትችሉት ነው መጠኑ። ለእግር ጉዞ 10 ደቂቃ። ለስኳር በስኒ ግማሽ ማንኪያ መቀነስ። ለእንቅልፍ 15 ደቂቃ ቀድሞ መተኛት።

ይህ ለምን ይጠቅማል? በመጀመሪያው ወር የምትሠሩት ጡንቻ አይደለም፤ መምጣትን ነው የምትለምዱት። በየቀኑ 10 ደቂቃ የወጣ ሰው በኋላ 30 ማድረግ ይቀለዋል። ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ተራምዶ እስከሚቀጥለው ቅዳሜ የተቀመጠ ሰው ግን የሚያስታውሰው የእግሩን ሕመም ነው።

እዚህ ላይ ሁሌ የሚገጥመኝ ስህተት አለ። ሦስተኛው ቀን ላይ ሞቅ ይልና «ዛሬስ እንጦጦ እንውጣ» ይባላል። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ላልለመደ ሰውነት ከባድ ነው። በማግሥቱ ጉልበት ያማል፤ በሦስተኛው ቀን ሰውየው የለም። ሞቅ ባላችሁ ቀን ጨምሩ፣ ግን ከመደበኛው እጥፍ አትለፉ።

4. ሁልጊዜ ከምታደርጉት ነገር ጋር ቋጩት

«ጊዜ ሳገኝ» የሚባል ሰዓት የለም። ልማዱን ሳታስቡ በየቀኑ ከምታደርጉት ነገር ጀርባ አስገቡት። አጻጻፉ እንዲህ ነው፦ «___ ካደረግሁ በኋላ፣ ወዲያው ___ አደርጋለሁ።» ፒተር ጎልዊትዘር የተባለው ተመራማሪ ያሳየው፣ መቼና የት እንደሚያደርግ አስቀድሞ የወሰነ ሰው «አደርጋለሁ» ብቻ ካለው በተሻለ እንደሚፈጽም ነው። ውሳኔው አስቀድሞ ስላለቀ በዚያ ሰዓት ከራስ ጋር ክርክር አይኖርም።

- የጠዋት ጸሎት ወይም ሶላት ካደረስኩ በኋላ ጫማዬን አድርጌ እወጣለሁ።
- ቡናው ሲቀዳ ስኒዬን አንስቼ ስኳሩን ራሴ እጨምራለሁ።
- የልጆቹን ዩኒፎርም ካዘጋጀሁ በኋላ ስልኬን ሳሎን ትቼ ወደ መኝታ እገባለሁ።

ጥንቃቄ፦ እኛ ሰፈር ለመቋጫ የማይሆኑ ነገሮች አሉ። «ውሃ ሲመጣ»፣ «መብራት ሲኖር»፣ «ታክሲ ቶሎ ካገኘሁ» ብላችሁ አትጻፉ። ውሃው በፈረቃ ነው፤ ልማዳችሁም በፈረቃ ይሆናል።

ቀኑን ሙሉ ከተማ ለሚውል ሰው ጥሩው መቋጫ ጉዞው ራሱ ነው። ግን አቅጣጫውን እወቁበት። «አንድ ፌርማታ ወደፊት ሂዳችሁ ተሳፈሩ» የሚለው ምክር ከከተማ ዳር አይሠራም፤ ታክሲው ከመነሻው ሞልቶ ስለሚመጣ ቆማችሁ ትቀራላችሁ። ጠዋት ከመነሻው ተሳፈሩ፤ ከተማ ስትገቡ ከመድረሻችሁ ቀደም ብላችሁ «ወራጅ» በሉ። የኮሪደር ልማት በደረሰባቸው መንገዶች የእግረኛው መንገድ ሰፊ ነው። ማታ ደግሞ ከሥራ ቦታ ወደ ታክሲው መነሻ፣ ለምሳሌ ወደ መገናኛ ወይም ወደ ሜክሲኮ፣ በእግራችሁ ድረሱ። ከመነሻው ስትሳፈሩ መቀመጫም ታገኛላችሁ። ጠዋት 15፣ ማታ 15 ደቂቃ ከሆነ በአምስት የሥራ ቀን 150 ደቂቃው ሞላ። ለዚህ ብላችሁ ከእንቅልፋችሁ አልቀነሳችሁም።

የሚመሽባችሁ ከሆነ የማታውን ተዉት። ሰው የሌለበት ጨለማ መንገድ ላይ ደኅንነት ከደቂቃው ይቀድማል።

5. ማታ ላይ ቤቱን አዘጋጁ

ጠዋት ላይ የሚያቆመን ስንፍና ብቻ አይደለም፤ ካልሲ ፍለጋም ነው። ጫማና ካልሲ በር ሥር። ልብሱ ወንበር ላይ። ሃይላንዱ ተሞልቶ ጠረጴዛ ላይ። የስኳሩ ዕቃ ከረከቦቱ ላይ ተነስቶ ቁም ሳጥን ውስጥ፤ የሚፈልግ ሰው ተነስቶ ያምጣ። ስልካችሁን መብራት ባለ ሰዓት ቻርጅ አድርጉ፤ ሌሊት እሰካለሁ ካላችሁ መብራት ሄዶ አላርሙ ሳይጮህ ሊያድር ይችላል።

የጻፋችሁትን ምክንያት በወረቀት ገልብጣችሁ ልማዱ የሚፈጸምበት ቦታ ለጥፉት፦ በሩ ላይ፣ የስኳሩ ዕቃ ላይ፣ አልጋው ራስጌ። ደብተር ውስጥ የተዘጋ ምክንያት አይሠራም። ሰው እንዳያየው የምታፍሩበት ከሆነ አንድ ቃል ብቻ ጻፉ። ጎረቤቴ በሯ ላይ የለጠፈችው «ጀሪካን» የሚል ነው፤ ለሌላው ሰው ምንም አይነግረውም።

6. ሰው ያዙ፤ ለሰውም መልስ አዘጋጁ

ይህ ሁለት ጎን አለው።

የመጀመሪያው የሚደግፋችሁ ሰው ነው። የምትመርጡት ሰው በጣም ጎበዝ ስፖርተኛ ባይሆን ይሻላል። በቅርብ የሚኖር፣ ስትቀሩ «ምነው፣ ደኅና ነሽ?» ብሎ በር የሚያንኳኳ ሰው ምረጡ። ሥራው መውቀስ አይደለም፤ ማየት ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባል የለ? የእድር ወይም የእቁብ ጓደኛ፣ የብሎኩ ጎረቤት ይሆናል። ሰዓቱንና የምትገናኙበትን ቦታ ቁርጥ አድርጉ፦ «ጠዋት እንገናኝ» ሳይሆን «12 ሰዓት ተኩል ብሎኩ በር ላይ፤ አምስት ደቂቃ ጠብቀሽ ካልመጣሁ ሂጂ»። የመጨረሻዋ ሐረግ ታስፈልጋለች። አንዱ ሲቀር ሌላው እንዳይቀር ታደርጋለች።

ሁለተኛው ጎን ይከብዳል። እኛ ጋ ምግብ ፍቅር ነው። ቡና ተጠርታችሁ «በሞቴ፣ ብዪ እንጂ!» ስትባሉ መልስ ካላዘጋጃችሁ ልማዱ የሚፈርሰው እዚያ ነው። የሠሩልኝንና ለብዙ ሰው የሠሩትን ልንገራችሁ።

«ዳይት ላይ ነኝ» አትበሉ። ወዲያው የቤቱ ወሬ የእናንተ ሰውነት ይሆናል፤ «ምን ጎደለሽና!» ይጀመራል። ያላዘዘውን ሐኪምም አታስመስክሩ። «ምን አገኘብህ?» የሚለው ጥያቄ ይከተላል፤ ውሸቱም ማብቂያ አይኖረውም።

ሳህን ከመቅረቡ በፊት ተናገሩ። ከቀረበ በኋላ መመለስ ባለቤቷን ያሳፍራል። «እትዬ፣ ለኔ ትንሽ ያድርጉልኝ፤ ጣፍጦኝ ልጨርሰው» ማለት ያስከብራል። ቡናው ሲቀዳ «ስኳሩን እኔ ልጨምር» ማለት ይበቃል፤ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ጉርሻ ግን አትመልሱ። እጅ ተዘርግቶ «አልፈልግም» ማለት ሰው ያስከፋል፤ ልማዳችሁንም አንድ ጉርሻ አያፈርሰውም። «አንድ ያጣላል» ካሏችሁ ሁለተኛውንም ጉረሱ። ከዚያ እናንተም አጉርሱና እጃችሁን ታጠቡ። እጁን የታጠበ ሰው ላይ ግፊቱ ይቀንሳል።

አብሯችሁ የሚበላው የቤታችሁ ሰው ከሆነ ደግሞ አስቀድማችሁ ምክንያታችሁን ንገሩት። ባል ወይም ሚስት ሳይነገራቸው ወጡ ጨው ያነሰበት ቀን የሚነሳው ንትርክ ልማዱን ከሁሉ ቀድሞ ይገድለዋል።

7. ካላንደሩ ላይ ምልክት አድርጉ

ያደረጋችሁበት ቀን ላይ በቀይ ምልክት አድርጉ። ያላደረጋችሁበትን ባዶ ተዉት፤ ሰበብ አትጻፉ። ምልክቱ የሚጠቅመው ሥራው ራሱ ገና ውጤት በማያሳይበት ጊዜ መሄዳችሁን ስለሚያሳያችሁ ነው።

«21 ቀን ከቀጠልክ ልማድ ይሆናል» የሚለውን አትመኑ። ብዙ ሰው በ22ኛው ቀን አሁንም ሲከብደው «እኔ ላይ አልሠራም» ብሎ ያቆማል። የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዋ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት 96 ሰዎች አዲስ ልማድ ሲጀምሩ ተከታትለዋል። ሳያስቡ የማድረግ ደረጃ ላይ ለመድረስ በመካከለኛ ግምት 66 ቀን ወስዷል። ከሰው ሰው ግን ከ18 ቀን እስከ 254 ቀን የሚደርስ ልዩነት ነበር። ወደ እኛ ካላንደር ስንመልሰው፣ መስከረም 1 የጀመረ ሰው ኅዳር 6 አካባቢ ይቀለዋል ማለት ነው፤ ለአንዳንዱ ግንቦት 14ም ይደርሳል። ስለዚህ ካላንደሩን ስትሰቅሉ ቢያንስ ሁለት ወር ከግማሽ ይከብደኛል ብላችሁ ተነሱ።

ያው ጥናት አንድ ደስ የሚል ነገርም አሳይቷል፦ አንድ ቀን መዝለል ልማዱን አላበላሸውም። ደንባችሁ ይህ ይሁን፦ አንድ ቀን ይዘለላል፤ ሁለት ቀን በተከታታይ አይዘለልም። በሁለተኛው ቀን ጫማ አድርጎ ብሎኩን አንድ ጊዜ መዞርም ይቆጠራል፤ ቀዩን ምልክት አድርጉ።

8. ለሚሰናከልበት ቀን ዛሬ እቅድ ያዙ

ደብተሩ ላይ ሁለት ዓምድ አስምሩ፦ «ይህ ከሆነ» እና «ያኔ ይህን አደርጋለሁ»። ችግሩ ሲመጣ ማሰብ አይቻልም፤ አሁን አስቡት።

ክረምት። ከሰኔ እስከ መስከረም ጭቃው አያስወጣም። የኮንዶሚኒየም ደረጃ አለላችሁ። ከምድር እስከ አራተኛ ፎቅ ለ10 ደቂቃ መውጣትና መውረድ ከሜዳ ጉዞ ይከብዳል፤ በዝግታ ጀምሩ። እርጥብ ደረጃ ያንሸራትታል፤ ሲወርዱ መደገፊያውን ያዙ።

ጾም። በሁዳዴ 55 ቀን ወይም በረመዳን ወር የቀኑ ሥርዓት ይቀየራል፤ መቋጫችሁም ይላላል። ጾሙ ሲገባ የእግር ጉዞውን ቀለል አድርጉና ከመብላታችሁ በፊት ወዳለው ሰዓት ወይም ከበላችሁ ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ አዙሩት። በባዶ ሆድና ውሃ ሳይጠጡ በቀትር ፀሐይ አትሩጡ።

በዓል። ፋሲካ፣ ገና፣ እንቁጣጣሽ፣ ኢድ። በበዓል ቀን ብሉ፣ ተደሰቱ። የምትጽፉት ስለ በዓሉ ሳይሆን ስለ ማግሥቱ ነው፦ «በዓሉ በዋለ ማግሥት ጠዋት 10 ደቂቃ እወጣለሁ»። ልማድ የሚጠፋው በዶሮው ወጥ አይደለም፤ «ሳምንቱ እስኪያልቅ» በሚለው ነው።

ለቅሶና ሕመም። ለቅሶ ቤት በምትቀመጡበት ሰሞን ልማዱን ሙሉ በሙሉ ልታቆሙት ትችላላችሁ። ካላንደሩ ላይ የምትመለሱበትን ቀን አክብቡ። ትኩሳት ካለባችሁ እንዲሁ፤ አርፉ።

ፍርሃት ያለበት መንገድ። ጎህ ሳይቀድ አትውጡ። ከከተማ ዳር ጅብና ባለቤት የሌለው ውሻ አለ። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ብርሃን ሲወጣ፣ ከሰው ጋር፣ ሰው በሚበዛበት መንገድ ሂዱ። ውሻ ካያችሁ አትሩጡ፤ ጀርባችሁን ሳትሰጡ ቀስ ብላችሁ ራቁ። ከነከሳችሁ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ለክትባት ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ቁስሉ ትንሽ ነው ብሎ መተው አይቻልም፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ይገድላል።

9. ወሩ በገባ በ30 ምክንያቱን አንብቡት

ከጳጉሜን በቀር ወራችን ሁልጊዜ 30 ቀን መሆኑ ይጠቅማል። በየወሩ በ30 ማታ ደብተሩን ክፈቱና ሦስት ነገር አድርጉ።

ምክንያቱን ጮክ ብላችሁ አንብቡ። አሁንም እውነት ነው? ልጁ አድጎ፣ ቤት ተቀይሮ፣ ሥራ ተለውጦ ሊሆን ይችላል። ከተለወጠ ከእርምጃ 1 ጀምራችሁ አዲስ ጻፉ። የሞተ ምክንያት ይዞ መጓዝ ያደክማል።

ምክንያቱን በተግባር ለኩት። ደረጃው ላይ የት ደረሳችሁ? ታክሲ ውስጥ ታንቀላፋላችሁ? የሚለካው ይህ ነው። ያያችሁትን በአንድ መስመር ጻፉ፤ በሚቀጥለው ወር የምታነቡት እሱን ነው።

ከዚያ ቀዩን ምልክት ቁጠሩ። 25ና ከዚያ በላይ ከሆነ መጠኑን በትንሹ ጨምሩ፤ 10 ደቂቃው 15 ይሁን። ከ15 በታች ከሆነ አሳንሱት ወይም መቋጫውን ቀይሩ። በመካከል ከሆነ አትንኩት። ሁለተኛ ልማድ የምትጨምሩት የመጀመሪያው ሳታስቡት መሆን ሲጀምር ብቻ ነው። ምልክቱን የምታውቁት እንዲህ ነው፦ የቀራችሁ ቀን የሆነ ነገር የጎደለ ይመስላችኋል።

ተደጋግመው የሚታዩ ስህተቶች

«ሰኞ እጀምራለሁ»፣ «ከአዲስ ዓመት ጀምሮ» ማለት። ቀን መምረጥ ክፉ አይደለም፤ ግን ዛሬ ማታ ጫማውን በር ሥር አስቀምጡ። የጀመራችሁት ያኔ ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት ለሰው ሁሉ ማውራት። ምስጋናው አስቀድሞ ይመጣና ሥራው የተሠራ ይመስላችኋል። ለያዛችሁት አንድ ሰውና ለቤታችሁ ሰው ብቻ ንገሩ።

ከእግር ጉዞ በኋላ በለስላሳ ራስን መካስ። አንዱ ጠርሙስ ብቻውን ከ25 ግራም በላይ ስኳር ሊይዝ ይችላል። ሃይላንዱ ለዚህ ነው የተሞላው።

ዋናው አስፋልት ዳር መሄድ። ጠዋት ጠዋት የሲኖትራክና የታክሲ ጭስ አለ፤ ሹፌሩም በብርሃን ማነስ ላያያችሁ ይችላል። የውስጥ ለውስጥ ኮብልስቶን ይሻላል።

የትዳር ጓደኛን ወይም ልጅን አስገድዶ ማስጀመር። የእናንተ ምክንያት ለእነሱ አይሆንም። ፈቃደኛ ከሆኑ ባዶ ደብተር ስጧቸውና ከእርምጃ 1 ይጀምሩ፤ የጻፉትን ካላሳዩአችሁ አትጠይቁ።